ከሽሮ ሜዳ እስከ ጃን ሜዳ፦ የአንድ ትራምፔት መንገድ

ቅዳሜ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ሽሮ ሜዳ ገና አልነቃችም። ቀን ላይ በጥበብ ቀሚስና በነጠላ የሚደምቁት ሱቆች በራቸው እንደተዘጋ ነው። አንዲት እናት ጀበናቸውን ከሰል ላይ ጥደዋል፤ ከቤተ ክርስቲያን የሚመለሱ ሰዎች ነጠላቸውን እንደለበሱ ዳገቱን ይወርዳሉ። የነቁት የእንጦጦ ታክሲ ረዳቶች ብቻ ናቸው። ከእነሱ አንዱ ልጄ የተሸከመውን ጥቁር ሣጥን አይቶ፣

«ሰርግ አለ እንዴ?» አለው።

«ልምምድ ነው» አለ ልጄ አፍሮ።

አባቴ ከኋላችን በከዘራው እየተደገፈ መጣና የፊተኛው ወንበር ላይ ተቀመጠ። እኔና ልጄ ከኋላ ገባን። ከመስከረም ማብቂያ ጀምሮ እስከ ጥር 11 ድረስ ቅዳሜያችን እንዲህ ነበር የሚጀምረው።

እንጦጦን የመረጥነው ለመዝናናት ብለን አልነበረም። የምንኖረው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ልጄ አሥራ ሦስት ዓመቱ ሲሆን የአያቱን ትራምፔት ከአልጋ ሥር አውጥቶ መንፋት ጀመረ። በመጀመሪያው ሳምንት ጎረቤቶች ሳቁ፤ በሁለተኛው ሳምንት በር አንኳኩ፤ በሦስተኛው የብሎኩ ኮሚቴ ሰብሳቢ በትህትና አናገሩኝ። ሕፃን የምታጠባ ጎረቤት አለችኝ፤ እውነቷን ነበር። እኔም ብሆን ጆሮዬ ደክሟል። ከመሣሪያው የሚወጣው ድምፅ እንደ ታመመ ላም ጩኸት ነበር። ለባለቤቴ፣ «ይህ ነገር ካልተሻሻለ ለመስቀል ወጪ እንሸጠዋለን» ብዬው ነበር።

ልጄ ግን አንድ ነገር ልቡ ውስጥ ገብቷል። የሰንበት ትምህርት ቤታቸው ማርሽ ባንድ አለው። በጥምቀት ታቦታቱን አጅበው ጃን ሜዳ ድረስ የሚሄዱት እነሱ ናቸው። የባንዱ ኃላፊ «አንድ ድምፅ ሳይንቀጠቀጥ መያዝ ከቻልክ ከመጨረሻው ረድፍ አሰልፍሃለሁ፤ ካልቻልክ ለዘንድሮ ባንዲራ ትይዛለህ» ብለውታል። ባንዲራ መያዝ ክብር ነው፤ ለልጄ ግን ሽንፈት ነበር።

አባቴ ወጣትነቱን በሙሉ በጦር ሠራዊት ማርሽ ባንድ ውስጥ ትራምፔት ሲነፋ ኖሯል። ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት የፊት ጥርሶቹ ተነቀሉና ሰው ሠራሽ ጥርስ ተተከለለት። እንጀራ ለመብላት ይበቃዋል፤ ለትራምፔት ግን አልሆነውም። ከንፈር የሚደገፈው በጥርስ ነው፤ ድጋፉ ሲለወጥ በሃምሳ ዓመት የተገነባው ነገር ይናጋል። አባቴ ሁለት ጊዜ ሞከረ። ከዚያ መሣሪያውን በጨርቅ ጠቅልሎ አልጋ ሥር አስገባው። ስለ እሱ ዳግመኛ አላወራም፤ እኛም አልጠየቅንም። ልጄ ሣጥኑን ጎትቶ ያወጣ ዕለት አባቴ ምንም አላለም፤ ዝም ብሎ ወጥቶ በረንዳ ላይ ተቀመጠ።

ስለ ጎረቤቶች ስነግረው ነው «ቅዳሜ ቅዳሜ እንጦጦ እንወጣለን» ያለው።

ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ የሚወስደው መንገድ ከተማውን በጥቂት ደቂቃ ጥሎ ይወጣል። ቤቶቹ ይሳሳሉ፣ ባሕር ዛፉ ይበረክታል፣ ጆሮ ይደፈናል። ታክሲው በሁለተኛ ማርሽ እያቃሰተ ሲወጣ፣ ቅጠልና ጭራሮ የተሸከሙ ሴቶች ጎንበስ ብለው ቁልቁል ይወርዳሉ። ስፖርት ልብስ የለበሱ ሯጮች ደግሞ ሽቅብ ይሮጣሉ። አዲስ አበባ ከመቆርቆሯ በፊት የአፄ ምኒልክ መቀመጫ እዚህ ነበር። በጥቅምት 1882 ዓ.ም. ዘውድ የጫኑትም በእንጦጦ ማርያም ነው። ዛሬ ብዙ ሰው የሚያውቀው በ2013 ዓ.ም. የተከፈተውን እንጦጦ ፓርክን ነው። እኛ ግን ወደ ፓርኩ አልገባንም። ከመንገዱ ወጣ ብሎ ባሕር ዛፍ የከበበው፣ ቤት የማይታይበት ሜዳ አባቴ ያውቃል። «በወጣትነቴ እዚህ መጥቼ ነፍቻለሁ» አለን። ይህንን ከዚያ በፊት ሰምቼው አላውቅም።

የመጀመሪያው ቅዳሜ ልጄን አናደደው። አባቴ ትራምፔቱን ከሣጥኑ እንዲያወጣ አልፈቀደለትም። መጀመሪያ በአፍንጫው ሳይሆን በአፉ፣ ትከሻው ሳይነሳ፣ ሆዱና ጎኑ እስኪሰፋ አየር እንዲስብ አደረገው። በአራት ቆጠራ ማስገባት፣ በስምንት ቆጠራ ማስወጣት። እንጦጦ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፤ አየሩ ሳሳ ይላል፣ ትንፋሽ ቶሎ ያጥራል። ልጄ አምስት ጊዜ ሠርቶ ጭንቅላቱ ዞረበትና ሣር ላይ ተቀመጠ።

«አየህ» አለ አባቴ፣ «ሳንባህ የት እንዳለ ዛሬ አወቅህ።»

ቀጥሎ አፍ ላይ የምትገጠመውን ትንሿን የብረት ዋንጫ ብቻ አውጥቶ ሰጠው። ሙዚቀኞቹ ማውዝፒስ ይሏታል። ከንፈሩን ሰብስቦ አየር ሲያሳልፍ ዋንጫዋ እንደ ንብ ትጮሃለች። ትራምፔት ማለት ይኸው ነው፤ የቀረው ቱቦ ነው። ቱቦው ቢዘረጋ ወደ አንድ ሜትር ተኩል ይጠጋል። የሚንቀጠቀጠው የነፊው ከንፈር ነው። ኦርኬስትራዎች መሣሪያቸውን የሚያስተካክሉበት «ላ» የተባለው ድምፅ እንዲወጣ ከንፈር በሴኮንድ 440 ጊዜ መከፈትና መዘጋት አለበት። ሦስቱ ፒስተኖች የቱቦውን ርዝመት ይለዋውጣሉ እንጂ ድምፅ አይሰጡም። አንዱንም ሳይነኩ ከንፈርንና አየርን ብቻ በመቆጣጠር ብዙ የተለያየ ድምፅ ይወጣል። ስለዚህ የሚሠለጥነው ጣት ከመሆኑ በፊት የአፍ ዙሪያ ጡንቻ ነው። ጡንቻ ደግሞ የሚጠነክረው እየሠራና እያረፈ ነው።

በመጨረሻ ትራምፔቱን ሰጠው። አንድ ድምፅ ብቻ፣ መካከለኛ፣ ያለ ፒስተን፣ አየሩ እስኪያልቅ። አባቴ ዐሥር እርምጃ ያህል ራቅ ብሎ ድንጋይ ላይ ተቀመጠና በሰዓቱ ለካው። ስድስት ሴኮንድ ሆነ። ከስድስቱ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ይንቀጠቀጡ ነበር።

«ጻፈው» አለኝ። ከቦርሳዬ የወጣችው የአስቤዛ ደብተር ከዚያን ዕለት ጀምሮ የትራምፔት ደብተር ሆነች።

የአባቴ መለኪያ ሰዓት ብቻ አልነበረም። ልጄ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ይቆማል፤ አባቴ ግን ድምፁ ጥርት ብሎ በተሰማው ቁጥር በሚቀጥለው ቅዳሜ አንድ ዛፍ ራቅ ብሎ ይቀመጣል። ልጄ ይህን ሲረዳ በጣም መጮህ ጀመረ። አባቴ ወዲያው ተነስቶ መጣ። «ጩኸትማ አህያም ይጮሃል። ጩኸት እዚህ ይሰማል፣ እዚያ ይበተናል። የጠራ ድምፅ በቀስታም ብትነፋው ይደርሳል። እኔን ለማስደንገጥ አትሞክር፤ እኔ ዘንድ ለመድረስ ሞክር።»

ከሰኞ እስከ ዐርብ ያለው ሥራ ቤት ውስጥ ነው። አባቴ የወሰነለት በቀን ሃያ ደቂቃ ሲሆን ለሁለት የተከፈለ ነበር፤ ዐሥሩ ከትምህርት ቤት እንደተመለሰ፣ ዐሥሩ ከራት በፊት። ትራምፔቱ አፍ ላይ የሚገጠምለት የድምፅ ማፈኛ አለው፤ እሱን ሰክቶ፣ የልብስ ቁም ሣጥኑን ከፍቶ፣ ወደ ልብሶቹ ዞሮ ይነፋል። ልብስ ድምፅ ይመጥጣል። ሕፃን ያላት ጎረቤቴ በምትነግረን ሰዓት መሠረት ጊዜውን አስተካከልን። እሷም በር ማንኳኳቷን ተወች።

እያንዳንዱ ዐሥር ደቂቃ ቅደም ተከተል ነበረው። መጀመሪያ ትንፋሽ። ከዚያ በማውዝፒስ ብቻ ጥቂት። ከዚያ ረጅም ድምፅ፣ በቀስታ ጀምሮ በቀስታ የሚያልቅ። ከዚያ ፒስተን ሳይለወጥ ከአንድ ድምፅ ወደ ላይኛው በከንፈር ብቻ መሸጋገር። በየመሐሉ የነፋበትን ያህል ማረፍ ግዴታ ነው። ሃያ ሴኮንድ ከነፋ ሃያ ሴኮንድ ያርፋል። ዜማ የሚፈቀደው በመጨረሻዋ ደቂቃ ነው። ልጄ ለዚያች ደቂቃ ሲል ዘጠኙን ታገሠ።

እኔን ያስቸገረኝ ለውጡ የማይታይ መሆኑ ነው። ሰኞና ማክሰኞ አንድ ዓይነት ናቸው፤ እንዲያውም አንዳንዴ ማክሰኞ ይብሳል። ደብተሩ ባይኖር ኖሮ ተስፋ እቆርጥ ነበር። ስድስት፣ ስድስት፣ ሰባት፣ አምስት፣ ሰባት። ቁጥሮቹን በወር በወር ሲያዩዋቸው ነው መንገድ የሚሆኑት። በጥቅምት ማብቂያ ዘጠኝ ሴኮንድ ደረሰ።

በኅዳር መግቢያ ግን ሊበላሽ ነበር። የትምህርት ቤት ፈተና መጣና ልጄ አራት ቀን ሙሉ መሣሪያውን ሳይነካ ቀረ። ዐርብ ዕለት ደነገጠና ቤት ማንም በሌለበት ሁለት ሰዓት ያህል በተከታታይ ነፋ። ከንፈሩ ሲደክም ማውዝፒሱን ፊቱ ላይ አጥብቆ እየተጫነ ድምፁን በግድ አወጣው። ከሥራ ስመለስ የላይኛው ከንፈሩ አብጦ ቀይ ቀለበት ተስሎበታል። ቅዳሜ እንጦጦ ላይ ከመሣሪያው የወጣው አየር ብቻ ነበር።

ልጄ ትራምፔቱን ሣጥኑ ውስጥ አስገብቶ፣ «በቃኝ፤ ባንዲራውን እይዛለሁ» አለ። እኔም በልቤ የተስማማሁ መሰለኝ።

አባቴ አልተቆጣም። ከኪሱ መሐረብ አውጥቶ ሣጥኑ ላይ የወረደውን ጤዛ ጠረገ። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ሲባል አልሰማህም? ቀንም እንደ ሰው ነው። የሳምንቱን ሎሚ ሁሉ ለዐርብ አሸከምከው፤ ዐርብ ወገቡ ተቆረጠ። ለሰባቱም ቀን አከፋፍለው፣ ማንም አይከብደውም።» ከዚያም ለእኔ ዞሮ፣ «እኔ ጥርሴን ሳጣ የቀረችኝ ይህች ልማድ ነበረች፤ እስካሁን በየጠዋቱ ትንፋሼን እሠራለሁ» አለ። አብረን አንድ ቤት ስንኖር በጠዋት በረንዳ ላይ ቆሞ በኃይል ሲተነፍስ አየው ነበር። አስም ይዞት ይሆናል ብዬ ነበር የማስበው።

ለሦስት ቀን ዕረፍት ተወሰነ። በአራተኛው ቀን አምስት ደቂቃ፣ በአምስተኛው ሰባት። ደብተሩ ላይ ባዶ ቀኖቹን ልዘላቸው ስል አባቴ ከለከለኝ። «ዕረፍት ብለሽ ጻፊ። እሱም ሥራ ነው።»

ያን ቅዳሜ ቶሎ ለመመለስ ስላልፈለግን ከተማው ወደሚታይበት ጥግ ሄደን ዳቦና ሻይ ይዘን ተቀመጥን። ጭጋጉ ሲገፈፍ አዲስ አበባ ከታች ተዘርግታ ታየች። አባቴ በከዘራው እያመለከተ ለልጄ ታሪክ ጀመረለት። ከዐድዋ ድል በኋላ የሩሲያው ንጉሥ ኒኮላስ ሁለተኛ ለአፄ ምኒልክ የናስ የሙዚቃ መሣሪያዎች መላካቸውን፤ በ1916 ዓ.ም. ደግሞ አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ኢየሩሳሌምን ሲጎበኙ ወላጆቻቸው በቱርክ ያለቁባቸው አርመናውያን ልጆች በባንድ ሲጫወቱ ሰምተው አርባውን ወደ አዲስ አበባ ማስመጣታቸውን ነገረው። «አርባ ልጆች» ተብለው የሚታወቁት እነዚህ ናቸው። ባንዱን የመራው ኬቮርክ ናልባንዲያን ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. በተከበረው የዘውድ በዓል የተሰማውን ብሔራዊ መዝሙር ዜማ የደረሰ ሰው ነው። የወንድሙ ልጅ ነርሲስ ናልባንዲያን ደግሞ ኋላ የብዙ ኢትዮጵያውያን ሙዚቀኞች መምህር ሆነ፤ በ1948 ዓ.ም. በተከፈተው በዛሬው ብሔራዊ ቴአትርም ሠርቷል።

«እነዚያ ልጆች ስንት ዓመታቸው ነበር?» አለ ልጄ።

«አንዳንዶቹ ካንተ ብዙም አይበልጡም። አገር የላቸው፣ እናት አባት የላቸው። የነበራቸው ትንፋሽና ልምምድ ነው።»

ልጄ ዳቦውን አስቀምጦ ሣጥኑን ከፈተ። አልነፋም። ፒስተኖቹን ዘይት ቀባና መልሶ ዘጋው።

የታኅሣሥ ጠዋት እንጦጦ ላይ ይቆረጥማል። ሣሩ ላይ ውርጭ ይታያል፤ ብረቱ ከንፈር ላይ ሲያርፍ ያቃጥላል። ልጄ በስልክ ማስተካከያው ሲለካው ድምፁ ከተለመደው ዝቅ ብሎ አገኘውና መሣሪያው የተበላሸ መሰለው። አልተበላሸም። በቀዝቃዛ አየር ውስጥ ድምፅ ቀስ ብሎ ስለሚጓዝ መሣሪያው ዝቅ ይላል፤ ሲሞቅ ይመለሳል። አባቴ ማውዝፒሱን ከመነሳታችን በፊት ከጋቢው ሥር ይዞ ማሞቅ ጀመረ። ልጄም ሳይነፋ በቱቦው ውስጥ ትኩስ ትንፋሽ እየላከ መሣሪያውን ማሞቅ ለመደ። የጾም ወቅት ስለነበር ጠዋት ምንም ሳይቀምስ ነው የሚመጣው። አባቴ ይህን አይቶ የቅዳሜውን ልምምድ አሳጠረለት እንጂ አላስቀረውም።

በታኅሣሥ ማብቂያ ደብተሩ ላይ የሰፈረው ቁጥር አሥራ ዘጠኝ ነበር። አሥራ ዘጠኝ ሴኮንድ፣ ሳይንቀጠቀጥ። አባቴ የሚቀመጥበት ቦታ ደግሞ ከዛፎቹ አልፎ መንገዱ የሚታጠፍበት ደርሷል። ከገና በኋላ ባለው ቅዳሜ መታጠፊያውንም አልፎ ሄደ፤ ከዓይናችን ተሰወረ። ልጄ ግራ ገባው። «አያየኝም እኮ!»

«መስማት ነው የፈለገው» አልኩት።

ነፋ። ለስለስ ያለ፣ ቀጥ ያለ ድምፅ ነበር። ሲጨርስ ዝም ብለን ጠበቅን። ማንም አልመጣም። ስጋት ይዞኝ መታጠፊያው ድረስ ሄድኩ። አባቴ ከመንገዱ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጦ፣ ሦስት ጣቶቹ ከዘራው ላይ ከፍ ዝቅ ይላሉ። አይቶኝ አቆመ። «አንድ ጊዜ ይድገመው በይው» አለኝ።

ጥር 11 ቀን ጃን ሜዳ ሰው አይቆጠርም። ነጭ የለበሰው ሕዝብ ከየመንገዱ ይጎርፋል፤ የካህናቱ ከበሮና ጸናጽል፣ የወጣቶቹ ጭብጨባ፣ የሎሚና የቄጤማ ሽታ አየሩን ሞልቶታል። እኔና አባቴ ታቦታቱ የሚያልፉበትን መንገድ ዳር ይዘን ቆምን። የልጄ ባንድ ሲመጣ በመጨረሻው ረድፍ በስተቀኝ በኩል አየነው። የእሱ ድርሻ ሦስተኛ ትራምፔት ነበር፤ ዜማውን የሚጫወቱት ፊተኞቹ ናቸው፤ እሱ ከሥር የሚደግፉ አራት ድምፆች ብቻ አሉት። ከአራቱ አንዷን ዘግይቶ ገባባት። ፊቱ ቀላ፤ ቀጣዩን ግን በጊዜው አገኘው።

አባቴ በዚያ ሁሉ ጫጫታ መሐል ጆሮውን ዘንበል አድርጎ ነበር። «ሰማኸው?» አልኩት።

«ሦስተኛዋን ሰማኋት» አለ። ዓይኑን በመሐረቡ ጠረገ፤ አቧራ ነው አለ።

ልጃቸው ትራምፔት፣ ትሮምቦን ወይም ሌላ የናስ መሣሪያ ለጀመረባቸው ወላጆች ከእነዚህ ወራት የተረፈኝን ላካፍል። በቀን ሃያ ደቂቃ በሳምንት አንድ ቀን ከሚደረግ ሁለት ሰዓት ይበልጣል። ከንፈር ሲያብጥ ወይም ሲደነዝዝ መቆም ስንፍና አይደለም። ማውዝፒሱ በየሳምንቱ በለብ ያለ ውሃ ይታጠብ፤ ፒስተኖቹ ዘይት አይጡ። ደብተር ይኑራችሁ፤ ጆሯችሁ የሚረሳውን ወረቀት ያስታውሳል። ጎረቤት ከመቆጣቱ በፊት ሄዳችሁ ሰዓት ጠይቁ። እንጦጦ ለመውጣት ካሰባችሁም ከሽሮ ሜዳ ታክሲ አለ፤ በጠዋት ውጡ፣ ወፈር ያለ ልብስ ያዙ፣ ሳትቸኩሉ ተንፍሱ። ቤታችሁ ውስጥ ዝም ያለ አያት ካለ ደግሞ ይዛችሁት ውጡ።

የጥምቀት ዕለት ማታ ልጄ ከንፈሩን ቅባት ቀብቶ ሶፋው ላይ ተዘርሯል። አባቴ ደብተሩን ከፍሪጁ ላይ አንስቶ አገላበጠና ለልጄ አቀበለው። ልጄ በዕለቱ መስመር ላይ «ጃን ሜዳ» ብሎ ጻፈ። ትንሽ አሰበና ከሥሩ የነገውን ቀን ጽፎ አጠገቡ ሃያ ደቂቃ አለ።

አባቴ መነጽሩን አድርጎ አነበበው። ሃያን ሰረዘና አምስት አደረገው።